ዕዳዬን ልጻፈው ወይስ ልደብቀው?

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ። እንደ ታላቅ እህት ይምከሩኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ከወሰድኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሙያዬ የኮምፒውተር ኔትወርክ ነው። በቅርቡ ለመከላከያ ሚኒስቴር የሚሠራ አንድ ኮንትራክተር ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ አቀረበልኝ፤ ሥራው ግን ‹ሲክሬት› የሚባለውን ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥትን ምስጢር ለማየት የሚያስችለውን ፈቃድ፣ ይጠይቃል። ቅጹን መሙላት ጀምሬ ስለ ዕዳ የሚጠይቀው ክፍል ላይ ስደርስ እጄ ተያዘ። ከአራት ዓመት በፊት ከሥራ ተቀንሼ ዘጠኝ ወር ያህል ኡበር እየነዳሁ ስኖር ክሬዲት ካርዴን መክፈል አቋረጥኩ። 6,800 ዶላር ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ተላልፏል። በዚያው ሰሞን ታምሜ ድንገተኛ ክፍል ገብቼ ነበር፤ የሆስፒታሉ 1,150 ዶላርም አልተከፈለም። ዋስ ሆኜ የፈረምኩለት የአክስቴ ልጅ ደግሞ የመኪናውን ብድር መክፈል ሲያቅተው አበዳሪው መኪናውን ወስዶ በጨረታ ሸጠው፤ ቀሪው 9,400 ዶላር በእኔ ስም ተመዘገበ። ቋሚ ሥራ ከያዝኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ ሰብሳቢዎቹ ሲደውሉ ግን አላነሳም፣ ፖስታቸውንም አልከፍትም። ደሴ ላለችው እናቴ በየወሩ 400 ዶላር እልካለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ‹አትጻፈው፣ ሰባት ዓመት ሲሞላው ራሱ ይጠፋል› ይለኛል። ሌላው ‹ኪሳራ አውጅና ተገላገል› ይላል። እኔ ደግሞ የእቁብ ዕጣዬን አስቀድሜ ተቀብዬ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልዝጋው ብዬ አስቤአለሁ። ወይስ ሥራው ይቅርብኝ? ይህን ሁሉ ባለቤቴ አታውቅም።»

ወንድሜ፣

ሥራው አይቅርብህ። ዕዳህንም አትደብቅ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለመስማት አቅም ካለህ ሁለተኛውን ስማኝ፤ ሥራ ቢያመልጥ ሌላ ሥራ ይገኛል፣ በመንግሥት ቅጽ ላይ ፈርመህ የዋሸኸው ነገር ግን ከዕዳው ይበልጥ ሲከተልህ ይኖራል።

በመጀመሪያ ልብህን ላሳርፈው። ክሊራንስ ለማግኘት ከዕዳ ነጻ መሆን ግዴታ አይደለም። «ከዚህ መጠን በላይ ዕዳ ያለበት አያገኝም» የሚል ቁጥርም በመመሪያው ውስጥ የለም። ውሳኔ ሰጪዎቹ የሚመሩት እ.ኤ.አ. ከጁን 2017 ጀምሮ ለሁሉም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በሥራ ላይ በዋለ ብሔራዊ መመዘኛ ነው። መመዘኛው 13 ክፍሎች አሉት፤ ለአገር ካለ ታማኝነት ጀምሮ የውጭ ዘመድን፣ መጠጥን፣ አደንዛዥ ዕፅን እያነሣ ይሄዳል። ገንዘብን የሚመለከተው «መመሪያ ኤፍ» ይባላል። የኮንትራክተር ሠራተኞች ጉዳይ በሚታይበት የመከላከያ ሚኒስቴር ችሎት በብዛት የሚነሣው ይኸው ክፍል ነው። አንተ ብቻህን የወደቅህበት ጉድጓድ እንዳይመስልህ ነው ይህን የምነግርህ። የችሎቱ ውሳኔዎች የባለጉዳዩ ስም ተሰርዞ ለሕዝብ ስለሚታተሙ ማንም ሰው ሊያነባቸው ይችላል። ከአንተ ብዙ እጥፍ ዕዳ ይዘው የተፈቀደላቸው አሉ፤ ከአንተ ያነሰ ይዘው የተከለከሉም አሉ። የሚለያያቸው የገንዘቡ መጠን አይደለም።

መንግሥት ስለ አንድ ሰው ክሬዲት ካርድ ምን አገባው የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችን ውስጥ ይኖራል። አንዱ ምክንያት የታወቀ ነው፤ ገንዘብ ያስጨነቀው ሰው ለጉቦ ይጋለጣል። የሲአይኤ ባልደረባ የነበረው ኦልድሪች ኤምስ በፍቺና በዕዳ ተወጥሮ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ወደሚገኘው የሶቪየት ኤምባሲ ገብቶ በመጀመሪያ የጠየቀው 50,000 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 እስኪያዝ ድረስ የተቀበለው ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ እሱ አሳልፎ የሰጣቸው ሰዎችም ተገደሉ። በማግስቱ ዓመት የወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ የክሊራንስ ባለቤቶችን የገንዘብ ሁኔታ በቅርበት ለማየት በር ከፈተ። ነገር ግን አንተን የሚመለከተው ይህ አይደለም፤ አንተን ሰላይ ይሆናል ብሎ የሚፈራ ሰው አይኖርም። የሚመለከትህ ሁለተኛው ምክንያት ነው። ፈርሞ የገባውን ግዴታ ችላ የሚል ሰው፣ ምስጢር ለመጠበቅ የሚፈርመውንስ ያከብራል ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብበኝ። መመሪያው ከሰው ቁጥጥር ውጪ የሆነ ችግር እንዳለ ያውቃል። ከሥራ መቀነስን፣ ድንገተኛ ሕመምን፣ ፍቺን፣ ሞትን፣ የማንነት ስርቆትን በስም ጠርቶ የዕዳን ክብደት የሚያቀልሉ ምክንያቶች አድርጎ ዘርዝሯቸዋል። አንተ ከሥራ ተቀንሰሃል፣ ታመሃል፤ ሁለቱም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ግን ዐረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ አያልቅም፤ «እናም ሰውየው በነበረበት ሁኔታ ኃላፊነት በተሞላበት መንገድ ከተንቀሳቀሰ» የሚል ሐሳብ ይከተለዋል። ስለዚህ በዘጠኙ ወር ማንም አይፈርድብህም። የሚፈረድብህ ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ነው። ደመወዝ እየገባልህ ስልክ ያላነሣህባቸው፣ ፖስታ ያልከፈትህባቸው ዓመታት ናቸው አንተን የሚያስጠይቁህ። ይህን የምልህ ላሳፍርህ ብዬ አይደለም። ዛሬ አቅጣጫህን ከቀየርህ፣ መርማሪው ፊት ስትቀርብ የሚታየው የመጨረሻው ምዕራፍ ያ ዝምታ አይሆንም። ከመጠየቅህ በፊት መጀመርህ እጅግ ይጠቅምሃል፤ ዳኞቹ የክስ ዝርዝር ከደረሰው በኋላ ብቻ መክፈል ለጀመረ ሰው የሚሰጡት ዋጋ ያነሰ ነው።

«ሰባት ዓመት ሲሞላው ይጠፋል» ያለህ ጓደኛህ ግማሹን እውነት ይዟል። ያልተከፈለ ዕዳ የብድርና የክፍያ ታሪክህ ከሚመዘገብበት ከክሬዲት ሪፖርት ላይ በአብዛኛው ከሰባት ዓመት በኋላ ይነሣል። ከሪፖርቱ ላይ ተነሣ ማለት ግን ተከፈለ ማለት አይደለም። አበዳሪው «አይሰበሰብም» ብሎ ሒሳቡን ዘጋው ማለትም ይቅር አለህ ማለት አይደለም። የይርጋ ጊዜም አለ፤ በቨርጂኒያ በጽሑፍ ለተደረገ ውል አምስት ዓመት ነው። ይርጋ አበዳሪው ፍርድ ቤት እንዳይከስህ ይከላከልልህ ይሆናል፤ የክሊራንስ ውሳኔ ሰጪዎች ግን «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ መቀመጥን ዕዳን ለመፍታት እንደተደረገ ቅን ጥረት አይቆጥሩትም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ጨምር። ያረጀ ዕዳ ላይ በጽሑፍ «አለብኝ» ብሎ ማመን፣ በአንዳንድ ግዛቶችም ጥቂት መክፈል፣ የይርጋውን ሰዓት እንደገና ሊያስጀምረው ይችላል። ስለዚህ ለሰብሳቢዎቹ ከመጻፍህ በፊት አንድ የሕግ ባለሙያ አማክር፤ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች በነጻ የሚረዱ የሕግ ድጋፍ ድርጅቶችም በየአካባቢው አሉ።

አሁን ወደ ቅጹ። ኤስኤፍ-86 ይባላል፤ ቢታተም ከ120 ገጽ በላይ ነው፤ እጅህ የተያዘበት ክፍል 26 ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ባለፉት ሰባት ዓመታት ለሰብሳቢ ድርጅት የተላለፈ ሒሳብ፣ በአበዳሪ የተወሰደ ንብረት፣ አበዳሪው ተስፋ ቆርጦ የዘጋው ሒሳብ፣ ከ120 ቀን በላይ የዘገየ ክፍያ ይጠየቃል። ዋስ ሆነህ የፈረምክበትም አብሮ እንደሚቆጠር ቅጹ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ «መኪናው የእኔ አልነበረም» ብለህ የአክስትህን ልጅ ዕዳ ብትዘልለው ዘለልህ ይባላል፣ ተሳሳትህ አይባልም። ሦስቱንም ጻፍ። ለእያንዳንዱ የአበዳሪው ስም፣ መጠኑ፣ የጀመረበት ቀን፣ ምክንያቱና አሁን ያለበት ደረጃ ይጠየቃል። ምክንያቱን በሁለት ወይም በሦስት ዐረፍተ ነገር ግለጽ፤ መቼ ከሥራ እንደተቀነስህ፣ መቼ ሥራ እንደያዝህ፣ አሁን ምን እያደረግህ እንደሆነ። ልመናም ሰበብም አታብዛበት።

ብትደብቀውስ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? መርማሪዎቹ ቃለ መጠይቅ ከማድረጋቸው በፊት የክሬዲት ሪፖርትህን ያወጣሉ። ሰውየው ፊትህ ተቀምጦ ወረቀቱን እያየ «ይህ 6,800 ዶላር ምንድን ነው? መጨረሻ ያነጋገርካቸው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅሃል። አንተ ቅጹ ላይ «የለም» ብለህ ከሆነ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጉዳይህ የገንዘብ መሆኑ ይቀርና የታማኝነት ይሆናል። እሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ «መመሪያ ኢ» ይባላል። ዕዳ በጊዜ ይከፈላል፤ ውሸት የሚከፈልበት ወርሃዊ ክፍያ የለውም። በቅጹ ላይ ሆን ብሎ ሐሰት መናገርም እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው። ጓደኛህ ይህን አስቦ የመከረህ አይመስለኝም።

ከዕዳዎችህ ሁሉ የዋስትናው ነው የሚያሳዝነኝ። በእኛ ዘንድ ዘመድ «ፈርምልኝ» ሲል እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ በዚህ ዓምድ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ መነሻቸው ይሉኝታ ነው። በአሜሪካ ሕግ ግን ዋስ ማለት «ሰውየውን አውቀዋለሁ» ብሎ መመስከር አይደለም። አበዳሪው ዋናውን ተበዳሪ ሳያስጨንቅ በቀጥታ አንተን መጠየቅ ይችላል፣ ከመጀመሪያው ዶላር እስከ መጨረሻው። ያም ሆኖ አቅም የሌለህ እንዳይመስልህ። አበዳሪው መኪናውን ከመሸጡ በፊት ለዋሱም ማስታወቂያ መላክ አለበት። ከጨረታው በኋላ የቀረውን ሲያስብም መኪናው በስንት እንደተሸጠ፣ ለመጎተትና ለማስቀመጫ ምን ያህል እንደታከለ የማሳየት ግዴታ አለበት። ይህን ሁሉ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ደብዳቤህንም በአደራ ፖስታ ላክና ደረሰኙን አስቀምጥ። ማስታወቂያው በትክክል ካልተላከ ወይም ሒሳቡ ከተምታታ ዕዳውን ለመቃወም በቂ መሠረት ይኖርሃል፤ መመሪያ ኤፍም በሰነድ የተደገፈ ተቃውሞን ይቀበላል። በሰነድ የተደገፈ ማለቴን ልብ በል። «ይህ የእኔ አይደለም» ብቻ ብሎ መቀመጥ ተቃውሞ አይባልም።

የአክስትህንስ ልጅ? አነጋግረው። በወር 100 ዶላርም ቢሆን እንዲያግዝህ በጽሑፍ ተስማሙ። እምቢ ካለህ ግን እሱን እየጠበቅህ ዕዳውን አታዘግየው፤ መርማሪው የሚጠይቀው አንተን ነው።

የሆስፒታሉን በቀላሉ ትጨርሰዋለህ። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ከሆነ ገቢው ዝቅ ላለ ታካሚ የሚሆን የክፍያ ድጋፍ ደንብ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድደዋል። የማመልከቻው ጊዜ አልፎብህ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ደውለህ ጠይቅ። ካልሆነ 1,150 ዶላርን በስድስት ወር ከፋፍሎ መዝጋት በአንተ ደመወዝ የሚያቅት አይደለም። ከዚህኛው ጀምር፤ የመጀመሪያውን የ«ተዘግቷል» ደብዳቤ እጅህ ላይ ስታይ ለሌላው አቅም ታገኛለህ።

ለክሬዲት ካርዱ ሰብሳቢውን ከማነጋገርህ በፊት ሦስቱንም የክሬዲት ሪፖርቶች፣ የኤክዊፋክስን፣ የኤክስፔሪያንን እና የትራንስዩኒየንን፣ በሕግ ከተፈቀደው የጋራ ድረ ገጻቸው ላይ በነጻ አውጣ። በየሳምንቱ በነጻ ማውጣት ይቻላል። ማን ነው ዛሬ የዕዳው ባለቤት? ስንት ይላል? ከአንዱ ሰብሳቢ ወደ ሌላው የተሸጠ ዕዳ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል። ከዚያ በቀስታ ተደራደር። ብዙ ጊዜ ከሙሉው ያነሰ ተቀብለው ይዘጋሉ፤ ስምምነቱን በጽሑፍ ሳትይዝ ግን አንድ ዶላር አትላክ። 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከተሰረዘልህ አበዳሪው ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ሊያሳውቅና የተሰረዘው መጠን እንደ ገቢ ሊቆጠርብህ እንደሚችል አስቀድመህ እወቅ።

አንድ ያልጠየቅኸኝን ልጠይቅህ፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ኡበር በነዳህባቸው ወራት ላገኘኸው ገቢ ታክስ አስታውቀሃል? በራስ ሥራ የተገኘ የተጣራ ገቢ 400 ዶላር ከደረሰ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ከተለመደው ታክስ ሌላ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስም አለበት። ከወገኖቻችን ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ሲነዱ ኖረው በኋላ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ይደነግጣሉ። ቅጹ ባለፉት ሰባት ዓመታት ታክስ ሳታስታውቅ ወይም ሳትከፍል የቀረህበት ዓመት እንዳለ ይጠይቃል። ውሳኔ ሰጪዎቹ ለባንክ ካለ ዕዳ ይልቅ ለመንግሥት ያልታወቀ ታክስ ላይ ይጠነክራሉ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ያው መንግሥት ነውና። ካላስታወቅህ ቅጹን ከማስገባትህ በፊት አስታውቅ። መክፈል ካልቻልህ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ ጋር በየወሩ የምትከፍልበትን ስምምነት ግባ፤ ጠቅላላው ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ በኢንተርኔት ማመልከት ትችላለህ። ስምምነቱንና የተከፈለበትን ማስረጃ ይዘህ ስትቀርብ መመሪያው ይህን በግልጽ የሚያቀልል ምክንያት አድርጎ ያየዋል።

ኪሳራ ማወጅን በተመለከተ ሁለተኛው ጓደኛህ የሚለው መንገድ ሕጋዊ ነው፤ ክሊራንስንም በራሱ አይዘጋም። ግን የሁሉም ዕዳህ ድምር 17,350 ዶላር ነው፤ ቋሚ ደመወዝም አለህ። «ምዕራፍ 7» የሚባለው ኪሳራ ክሬዲት ሪፖርትህ ላይ 10 ዓመት ይቆያል። እኔ ለአንተ አልመክረውም። «ዕዳህን በግማሽ እናስቀንሳለን፣ ለባንኮቹ መክፈል አቁም» እያሉ በሬዲዮና በስልክ ከሚለፍፉት አትራፊ ድርጅቶችም ራቅ። ምክር ከፈለግህ ለትርፍ ያልተቋቋመ የክሬዲት አማካሪ ፈልግ፤ የብሔራዊ የክሬዲት ምክር ፋውንዴሽን አባል የሆኑትን መፈለግ ጥሩ መነሻ ነው። መመሪያ ኤፍ ከእንደዚህ ዓይነት አማካሪ ጋር መሥራትን በስም ጠቅሶ በበጎ ያነሣዋል።

ወደ እቁቡ ልምጣ። ስለ እቁብ ክፉ አልናገርም፤ ብዙ ቤት የቆመው በእቁብ ነው። ነገር ግን ዕጣህን አስቀድመህ ከተቀበልህ ገና ያላስቀመጥኸውን ገንዘብ ነው የምትወስደው፤ ዕዳውን ከባንክ አንሥተህ በወዳጆችህ ትከሻ ላይ አዛወርኸው ማለት ነው። በወር የምትጥለውን ሳታጓድል መቀጠል እንደምትችል እርግጠኛ ካልሆንህ አታድርገው፤ ባንኩን ያስቀየመ ሰው ሌላ ባንክ ያገኛል፣ እቁቡን ያስቀየመ ግን ሰው ያጣል። ካደረግኸው ደግሞ ማስረጃ ያዝ። መርማሪው ባንክ ውስጥ ድንገት የገባ ብዙ ገንዘብ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል። የእቁቡ ዳኛ የአባላቱን ብዛት፣ የወር መዋጮውንና ዕጣው የደረሰህን ቀን ጽፎ ይፈርምልህ። ገንዘቡን በጥሬው ካስገባህ በአንድ ጊዜ አስገባው። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ማሳወቁ የተለመደ አሠራር ነው፤ በዚያ አትጠየቅም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ መከፋፈል ግን ራሱ ወንጀል ነው።

እኔ ግን የምመርጥልህ የተሻለ መንገድ አለ። ክሊራንስን የሚያየው የይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሰጠው ውሳኔ አመልካች ሁሉንም ዕዳ ወይም ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዲከፍል አይጠበቅበትም ብሏል። የሚጠበቀው ምክንያታዊ ዕቅድና ዕቅዱን በተግባር የሚያሳይ ሥራ ነው። የሆስፒታሉን በስድስት ወር፣ ካርዱን በድርድር፣ የመኪናውን ሒሳቡ ከተጣራ በኋላ በወርሃዊ ስምምነት እያልህ አንድ ገጽ ዕቅድ ጻፍ። ውሳኔ ሰጪዎቹ በኋላ የወር ገቢና ወጪህን የሚያሳይ ቅጽ ሊልኩልህ ይችላሉ። በዚያ ቅጽ ላይ ለእናትህ የምትልከው 400 ዶላርም መታየት አለበት።

እናትህን ተዋት አልልህም፤ ማንም ይህን ሊጠይቅህ አይገባም። ግን በዓመት 4,800 ዶላር ወደ ደሴ ሲሄድ ለአበዳሪ አንድ ዶላር ሳይሄድ ሦስት ዓመት ካለፈ፣ ጉዳዩን የሚያየው ሰው «አቅሙ እያለው ነው ያልከፈለ» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ለአንድ ዓመት ወደ 250 ዶላር ዝቅ አድርገው፤ ለእናትህም ምክንያቱን ንገራት። የኢትዮጵያ እናት ልጇ ዕዳ እየከፈለ መሆኑን ብትሰማ ታዝናለች እንጂ አትቀየምም። ለውጭ አገር ዜጋ የምታደርገውን የገንዘብ ድጋፍም ቅጹ በሌላ ክፍል ይጠይቅሃል፤ እሱንም ሳትቀንስ ጻፍ። እናትን መጦር ነውር አይደለም፣ በዚህ ብቻ የተከለከለ ሰው ይኖራል ብዬም አላምንም።

ባለቤትህ ደግሞ ዛሬ ማታ ትወቅ። ይህን የምልህ ስለ ትዳርህ ብቻ አይደለም። መርማሪዎች ሰው የሚደብቀው ነገር ሁሉ ለማስፈራሪያ እንደሚውል ያስባሉ፤ «ይህን ዕዳ ባለቤትህ ታውቃለች?» ተብለህ ብትጠየቅ የምትሰጠው መልስ አስቀድሞ እውነት ሊሆን ይገባዋል። ከዚህም በላይ ይህን ሸክም ሦስት ዓመት ለብቻህ ተሸክመሃል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርህ እንዲህ መጨነቅህ እኔንም አሳዝኖኛል። ልትቆጣ ትችላለች። ትቆጣ።

ከቃለ መጠይቁ በኋላ ጥርጣሬ ካለባቸው «የምክንያቶች መግለጫ» የሚባል ደብዳቤ ይልኩልሃል፤ እያንዳንዱ ዕዳ በቁጥር ተዘርዝሮ ይመጣል። ለመመለስ ያለህ ጊዜ ከደረሰህ ቀን ጀምሮ 20 ቀን ነው። ይህን ፖስታ አለመክፈት ማለት ጉዳይህን መተው ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር «አምናለሁ» ወይም «አላምንም» ብለህ ደረሰኝህን አያይዘህ ትመልሳለህ፤ በዳኛ ፊት ለመቅረብ መጠየቅም ትችላለህ። ቅረብ። ሰው ፊት ተቀምጦ የሚናገርና ሰነድ የሚያቀርብ ሰው በወረቀት ብቻ ከሚታየው ይልቅ ይታመናል። እዚህ ደረጃ ላይ ከደረስህ በዚህ ሥራ ልምድ ያለው ጠበቃ መያዙ ገንዘቡን የሚያወጣ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 እንደወሰነው ክሊራንስ የማንም መብት አይደለም፤ ጥርጣሬ ካለ ውሳኔው ወደ መከልከል እንዲያዘነብል ይጠበቃል። ስለዚህ የማስረዳቱ ሸክም ያንተ ነው። ቢከለከልም በአብዛኛው ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና መሞከር ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ የአንድ ዓመት የክፍያ ደረሰኝ ይዘህ ትመለሳለህ።

አዲሱን ሥራ ያቀረበልህ ድርጅት የደኅንነት ኃላፊ አለው። ቅጹን ከመላክህ በፊት ቀጠሮ ያዝና ዕዳ እንዳለብህ፣ ቅጹ ላይ እንደምትጽፈው ንገረው፤ ዕለት ተዕለት የሚያየው ጉዳይ ነው። ምርመራው እስኪያልቅ የሚሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድ በዕዳው ምክንያት ሊዘገይ ወይም ሊከለከል እንደሚችል ታሳቢ አድርግ፤ አሁን ያለህን ሥራ የመጨረሻው መልስ ሳይመጣ አትልቀቅ።

ፈቃዱን ካገኘህ በኋላም ነገሩ አያበቃም። በፊት ‹ሲክሬት› ያለው ሰው በየ10 ዓመቱ ነበር እንደገና የሚመረመረው፤ ዛሬ ክሬዲትን ጨምሮ መረጃዎች ያለማቋረጥ ይታያሉ፤ ከ120 ቀን በላይ የዘገየ ዕዳ ሲኖርም ራስህ ማሳወቅ ይጠበቅብሃል። ስለዚህ ከሰብሳቢዎቹ ጋር ስትስማማ የምታፍርበትን ትንሽ መጠን ሳይሆን፣ የምትጓጓለትን ትልቅ መጠንም ሳይሆን፣ ወር በገባ ቁጥር ሳትሰስት ልትከፍለው የምትችለውን ተስማማ፤ ተስማምቶ ማፍረስ ካለመስማማት የከፋ ማስረጃ ነው።

ሦስቱን የክሬዲት ሪፖርቶች ስታወጣ ያላወቅኸው ነገር ካገኘህ ወይም የመኪናው አበዳሪ የላከልህ ሒሳብ ካልገባህ ጻፍልኝ።